ሬሳ ጫማ፦ አንድ የሱቅ፣ አንድ የሰልባጅ፣ አንድ ጫማ ሰፊ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ስሜን ተራሮች ውስጥ ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስንወጣ አሥራ ስድስት ተማሪ እያየኝ የቀኝ ጫማዬ አፉን ከፈተ። ሶሉ ከፊት ተላቆ በተራመድኩ ቁጥር ጠብ ጠብ ይላል። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግራውም ሲከተል ግን መሳቁን ተውኩት።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጫማ ግምገማ ነው። ከሱ ቀጥሎ ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን የሰልባጅ ቡትም እገመግማለሁ። ቡቱን እስካሁን በሕይወት ያቆየልኝ ጫማ ሰፊም አያመልጥም። የሱቁን ስም አልጠራም፣ የጫማዎቹንም ብራንድ አልጠራም። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት መገናኘታችን አይቀርም። ደግሞም ነገሩ የአንድ ሱቅ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ "አልተነካም፣ አዲስ ነው" ተብሎ የሚሸጥ የተራራ ጫማ ሁሉ ያለበት ጣጣ ነው።

ሥራዬን ላስቀድም፣ ካለዚያ ለአንድ ጫማ ይህን ያህል ምን አስለፈለፋት ትላላችሁ። የመስክ ትምህርት አሰልጣኝ ነኝ። ሰፈር ውስጥ "ቱር ጋይድ ናት" ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ለሰው ስታስረዳ "የሰው ልጆች ሰብስባ ጫካ ትገባለች" ትላለች፣ እሱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ልጆችን ይዤ እወጣለሁ። ቅርቡ አንገረብ ነው። ራቅ ሲል ኮሶዬ፣ ወደ ታች ጎርጎራ ጣና ዳር፣ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ደግሞ መንገዱ ሲፈቅድ ስሜን። "መንገዱ ሲፈቅድ" ያልኩት ለወግ አይደለም። ደባርቅ ድረስ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር ሦስት አራት ሰው ጋ ሳልደውል አልነሳም፣ በእነዚህ ዓመታት የሰረዝኩት ጉዞ ከሄድኩት ይበልጣል።

ጋይድና አሰልጣኝ የሚለያዩበት ነገር ለጫማውም ወሬ ይጠቅማል። ጋይድ ከፊት ይሄዳል፣ ያሳያል፣ ይናገራል፣ እንግዳው ይከተለዋል። እኔ ካርታውን ለልጅ ሰጥቼ ከኋላ ነው የምሆነው። ልጁ ይመራል። ይሳሳታል። ትንሽ እተወዋለሁ፣ ምክንያቱም ራሱ ሲያገኘው ነው የማይረሳው፤ ስህተቱ ወደ ገደል ሲጠጋ ግን ሮጬ ከፊት እቀድማለሁ፣ ከዚያ መጨረሻ የቀረችዋን ልጅ ለማየት ተመልሼ እወርዳለሁ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። ተማሪው አሥር ኪሎ ሜትር ሲሄድ እኔ አሥራ አምስት ሳልሄድ አልቀርም።

ከመሄዱ በላይ ደግሞ መቆም አለ። ሰው ስለ ተራራ ጫማ ሲያወራ ስለ መሄድ ነው የሚያወራው፣ የኔን እግር የሚገድለው ግን መቆም ነው። እሜት ጎጎ ጫፍ 3,926 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ልጆቹ ቴርሞሜትር ይዘው ሲለኩ፣ ገደሉን በደብተር ሲስሉ፣ "ቲቸር ያ ዋልያ ነው ወይስ ድንጋይ?" እያሉ ሲከራከሩ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ የግጭ ካምፕ 3,600። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከቤታችን ስንወጣ ከነበረው ወደ አሥር ዲግሪ ተቀንሶ ነው የምንደርሰው። ልጆቹ በቴርሞሜትር ያረጋግጣሉ፣ እኔ በእግር ጣቴ።

ታዲያ የኔ ጫማ የኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የተማሪ ጫማ ቢቀደድ እኔ አለሁ። የኔ ከተቀደደ ፕሮግራሙ ነው የሚቀደደው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጫማ። ቁጥሬ 38 ነው። 38 የሆነች ሴት ጎንደር ውስጥ የተራራ ጫማ ስትፈልግ ያላት ምርጫ ወይ የወንድ 40 በሁለት ካልሲ ነው፣ ወይ ሮዝ ቀለም ያለው የልጅ ስኒከር። ለዓመታት የወንድሜን አሮጌ ቡት ፊቱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ ስሄድ ነው የኖርኩት። ስለዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ ከነሳጥኑ 38 ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሽሮ ቀለም፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቀላል፣ ሶሉ ላይ አቧራ እንኳ የለበትም።

"የኔ እህት፣ ይሄ አንድም እግር አልገባበትም። ከውጭ የመጣ ነው፣ እንደሱ አይነት ከእንግዲህ አታገኚም" አለኝ ሻጩ።

4,200 አለ፣ በ3,600 ተስማማን። የኔን የሁለት ጉዞ አበል የሚበላ ዋጋ ነው፣ ግን ከፈልኩ። አሁን ሳስበው ሳጥኑ ነግሮኝ ነበር። በአንድ ጎኑ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ቢጫ ሆኗል። ጫማው እግር አልገባበትም ማለት እውነት ነው። ስንት ዓመት እግር እንዳልገባበት ግን አልጠየቅኩም።

ቤት ውስጥ አደረግኩት፣ ምቾቱ ለጉድ። አንድ ቅዳሜ ወደ ጎሐ ኮረብታ ወጣሁበት፣ ምንም አላለም። ተረከዜ ውሃ አልቋጠረም። ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ፣ አንዷ እንዲያውም "ለሠርግ ይሆናል" ብላ ቀልዳለች።

ከዚያ ስሜን።

ሳንቃበር ላይ ማታ ለልጆቹ የማስተምራት አንዲት የሂሳብ ዘዴ አለች። ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ናት፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጨምር። ልጆቹ ካርታው ላይ በክር ይለካሉ፣ ይደምራሉ፣ ግጭ የምንደርስበትን ሰዓት ራሳቸው ይተነብያሉ፣ የተሳሳተው ቡድን ዕቃ ያጥባል። በጣም የሚወዱት ጨዋታ ነው። በማግስቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን አቀበቱን እንደጀመርን፣ ጫማዬ ትንሽ ውሃ እንደነካው፣ ያ የነገርኳችሁ ሆነ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሶሌን ሳገላብጥ አንዱ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን አውጥቶ፣ ፍጹም ከልቡ፣

"ቲቸር፣ ለጫማ ስንት ደቂቃ እንጨምር?" አለ።

ጎንበስ ብዬ ሳየው ሶሉ የተላቀቀ ብቻ አይደለም። በቆዳውና በታችኛው ጎማ መሃል ያለው ስፖንጅ እጄ ላይ ፍርፍር አለ። እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ። ማስቲሽ የሚቀባበት ቦታ እንኳ የለውም፣ ምኑ ከምኑ ይጣበቃል? በቅሎ የሚነዱልን ጋሼ መጥተው አዩት። እሳቸው ኮንጎ ጫማ ነው ያደረጉት፣ ያቺን የፕላስቲክ ጫማ፣ ካልሲ የለ ምን የለ፣ ያንን አቀበት በቀን ሁለቴ ይመላለሱበታል። ጫማዬን ተቀብለው አገላበጡና በጣታቸው ጫን አሉት።

"እታለም፣ ይኸ እኮ ሬሳ ነው" አሉ። "ላዩን ገንዘው ነው የሸጡልሽ።"

ከጭነቱ ላይ ገመድ ፈተው ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች ጠፈሩልኝ። ግጭ የደረስነው ልጆቹ ካሰሉት አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተን ነው፣ ዕቃ ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ሳቁን ሁሉ ትቼ የሚያናድደኝን ልናገር፦ በማግስቱ እሜት ጎጎ አልሄድኩም። በገመድ የታሰረ ጫማ ይዤ የሰው ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ላሠልፍ አልችልም። አደጋ ቢመጣ መጀመሪያ መሮጥ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ መሮጥ የማልችል ከሆነ እዚያ መገኘቴ ራሱ አደጋ ነው። ረዳቴ፣ ጋይዱና የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ይዘዋቸው ሄዱ። አይተው መጡ፣ ፎቶ ተነስተው መጡ፣ ደስ ብሏቸዋል። ግን ሁለት ወር ያዘጋጀሁት የልኬት ትምህርት አልተሠራም፤ ቴርሞሜትሮቹ ከቦርሳ ሳይወጡ ተመለሱ። እኔ ድንኳን ደጃፍ ላይ በካልሲ ቁጭ ብዬ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ስቆጥር ዋልኩ። ጦስኝ አፍልተው ያጠጡኝ ማብሰያዋ ናቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ አለቅስ ነበር።

ሱቁ ምን አለ? ጫማውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እሱን በጣቱ አሳየኝ። "የተራራ ጫማ ብለህ አይደል የሸጥክልኝ?" ስለው፣ "የኔ እህት፣ ተራራ ላይ ማን ውጪ አለሽ?" አለኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። እናቴም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

የጫማውን ሞት ምክንያት ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፣ እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት። መሃል ያለው ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። ለስላሳ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይሟሽሽም። አንድ ጠላት አለው፣ እርጥበት። ውሃ ውስጥ መግባት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አየር ላይ ያለው እርጥበት ራሱ ዓመት እየቆጠረ ውስጥ ውስጡን ይበጣጥሰዋል። ሃይድሮሊሲስ ይባላል፣ ኬሚስትሪ ክፍል እንቅልፍ የወሰደን ምዕራፍ ላይ ያለ ነገር። ጫማው ከተሠራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መፈርፈር ይጀምራል፣ ቢደረግም ባይደረግም። ጉዱ ደግሞ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ከሚደረገው ቀድሞ ሊሞት መቻሉ ነው። ሲራመዱበት ስፖንጁ እየተጨመቀ እርጥበቱን ይተፋል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ግን እርጥበቱን አቅፎ ይተኛል። እኛ ደግሞ "አልተነካም" ሲሉን ዋጋ የምንጨምር ሰዎች ነን። ባሕር ማዶ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት የተቀመጠ፣ ከዚያ በኮንቴይነር ሞቃት ባሕር አቋርጦ የመጣ ጫማ ጎንደር ሲደርስ አዲስ አይደለም። ሽማግሌ ነው።

ግምገማ ከተባለ፣ ያንን ጫማ ከ5 ዜሮ እሰጠው ነበር። አንድ እሰጠዋለሁ። ክሩ እስካሁን ይሠራል፣ ድንኳን አስርበታለሁ።

ሁለተኛው ጫማ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ስበረብር ከረምኩ። ሰልባጅ ውስጥ የተራራ ጫማ መፈለግ ትዕግሥት ነው፣ ጠዋት ቦንዳ ሲፈታ መድረስ ያስፈልጋል፣ ከረፈደ የቀረው ታኮ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ከባድ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ሙሉ ቆዳ ቡት ከክምሩ ሥር አንድ እግሩን አገኘሁት። ሌላኛውን እግር ለማግኘት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሻጩ ልጅ ራሱ ክምሩ ውስጥ ገብቶ አገዘኝ። ቁጥር 39። አፍንጫው የተፋቀ፣ ምላሱ ላይ የማላውቀው ሰው ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ቀኝ ታኮው በአንድ ጎኑ ያለቀ። አስቀያሚ ነው ብል አላጋነንኩም። ግን ዙሪያውን ስፌት ነበረው። ቆዳውና ሶሉ በወፍራም ክር ተሰፍተው፣ ስፌቱ ከውጭ በዓይን ይታያል፣ መሃል ላይ ስፖንጅ የለም፣ ድርብ ቆዳና ድፍን ጎማ ነው። የሚፈርስ ነገር የለውማ! 2,000 አለ፣ "ታኮውን እየው፣ ይሄን ማን ያድስልኛል?" ብዬ በ1,500 ወሰድኩት።

ሶሉ ላይ ቢጫ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አለበት፣ ቪብራም የሚባለው። ብዙ ሰው ብራንድ ነው ብሎ ብቻ ያልፈዋል። ከአንድ ሰው ስም የወጣ ነው፣ ቪታሌ ብራማኒ ከሚባል የሚላን ተራራ ወጪ። እ.ኤ.አ. በ1935 የአልፕስ ተራራ ላይ ስድስት ጓደኞቹ ሞቱበት፣ አንዱ ምክንያት ያደረጉት ጫማ ለዚያ ብርድና በረዶ የማይሆን መሆኑ ነበር። እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሠርቶ አወጣ። ገንዘቡን ያገዘው ማን መሰላችሁ? ፒሬሊ፣ የመኪና ጎማ ሠሪው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ምክንያቱም በረባሶ ከጎማ ስንቆርጥ የኖርን ሰዎች ነን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የኔ ቡት ምን እንደደረሰበት ስሙ።

ታኮውን ለማሳደስ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሕንጻ ሥር ወደሚቀመጥ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ "የኔ ልጅ" ይለኛል። ወስፌ፣ ጉጠት፣ የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ ሰፈፍ የጠጣ ክር፣ ከጎኑ የተቆራረጠ የመኪና ጎማ። ቡቱን ሳሳየው ፊቱ በራ። ዙሪያውን ስፌት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ "ይሄን የሰፋው ሰው ሙያ ያውቃል" አለ። ከዚያ የሞተውን የሱቅ ጫማ ከፌስታል ሳወጣው አንዴ ጫን አድርጎ፣ ምንም ሳይናገር፣ መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተው።

ለቡቱ ታኮውን ቆርጦ በመኪና ጎማ ተካ፣ አፍንጫው ላይ ቆዳ ጨመረ፣ የላላውን ስፌት እንደገና ወጋው። 450 ብር። "መቼ ልምጣ?" ስለው "ነገ ነይ" አለ። ነገ ሄድኩ። "ነገ ነይ" አለ። በአምስተኛው ቀን ተረከብኩ። ይህችን ያዙልኝ። በሥራው ጥራት ከ5 አምስት እሰጠዋለሁ፣ ያለ ምንም ማቅማማት። በቀጠሮ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ።

ያ ቡት አሁን ዓመት አልፎታል። አንዴ ስሜን፣ አራቴ ኮሶዬ፣ ሁለቴ ጎርጎራ፣ አንገረብን አልቆጥርም። አልተላቀቀም። ግን ፍጹም ነው ብዬ አልዋሽም፣ እንዲያውም ስለ እንከኑ ብዙ ነው የምናገረው።

አንደኛ ይከብዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሁለት ኪሎ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም፤ እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው በጣም ያደክማል፣ በየእርምጃው ታነሱታላችሁና። የመጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ጉልበቴን በሙቅ ውሃ ስይዝ ነበር። ሁለተኛ፣ ቆዳው እስኪለማመደኝ ሁለት ወር ፈጀ። የማላውቀው ሰው እግር ቅርጽ ውስጡ ተቀምጧል፣ ያ ሰው ወደ ውጭ የሚረግጥ ነበር መሰለኝ፣ ትንሿ ጣቴ በሱ ኃጢአት ስትቀጣ ከረመች። የፒያሳና የቀበሌያችን ኮብልስቶን ነው ያስታረቀን። ሦስተኛ፣ ከራሰ አይደርቅም። እሳት ዳር ካስጠጋችሁት ደግሞ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ አታድርጉት፤ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር ነው፣ ከዚያ ሰፈፍና ሞራ አቅልጦ ስፌቱን መቀባት። ቤቱ ለሁለት ቀን ጧፍ ጧፍ ይሸታል፣ እናቴ ግን ይህን ሽታ ትወደዋለች።

አራተኛውና ዋናው የታኮው ጎማ ነው። የመኪና ጎማ አያልቅም፣ ድንጋይ አይበላውም። ለስላሳ ግን አይደለም፣ እርጥብ ድንጋይ አይነክስም። የስሜን ድንጋይ ባሳልት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ኮሶዬ ላይ ቁልቁል ስወርድ አንዴ ተረከዜ ሸርተት ብሎ በመቀመጫዬ ሦስት ሜትር ሄጃለሁ፣ ልጆቹ እሱንም በደብተር መዝግበውታል። ለጋሼ ስነግረው በቢላ ታኮው ላይ ሸንተረር ሸንተረር አወጣለት፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ከዚያ ወዲህ ይሻላል። ቢሆንም እርጥብ ቁልቁለት ላይ በተረከዝ ሳይሆን በሙሉ እግር ነው የምረግጠው፣ ለልጆቹም እንደዚያው ነው የማስተምራቸው።

ስለዚህ ቡቱ ከ5 አራት። ያቺ አንድ የተቀነሰችው ለጉልበቴ ናት።

ሰልባጅ ስትገዙ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ሻጩ እያየ ጫማውን በሁለት እጄ እንደ እንጨት ልሰብረው እስኪመስል አጥፈዋለሁ፣ ሻጭ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ከዚያ የመሃሉን ስፖንጅ ጎን በአውራ ጣት ጥፍር እጫነዋለሁ። ጤነኛ ከሆነ ተጭኖ ይመለሳል። ከሞተ የጥፍሩ ምልክት እዚያው ይቀራል ወይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። ሶሉ ዳር ላይ እንደ ሽማግሌ ግንባር መስመር መስመር ካለ አትንኩት። ምላሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ግለጡ፣ አንዳንዱ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት አለ። ዙሪያውን ስፌት ካለው ደግሞ አስቀያሚነቱን እርሱት። ምልክቱን ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ፣ ቢጫ ቀለም ማንም ይቀባል።

ገዝታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው ተራራ አትውጡ። ባልዲ ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ አቁሙት፣ ከዚያ እርጥቡን አድርጋችሁ ከፋሲል መዋኛ ቁስቋም ድረስ ሂዱበት። የሚፈርስ ከሆነ እዚያው ይፍረስ፣ በባጃጅ ትመለሳላችሁ።

"ለምን ከስክስ አትገዢም?" የሚሉኝ አሉ። ከስክስ፣ የወታደሩ ቡት፣ ጠንካራ ነው፣ ርካሽም ይገኛል፣ ድሮ ለብዙ የመስክ ሠራተኛ ባለውለታ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ከስክስ አድርጎ በገጠር መንገድ መታየት የማያስፈልግ ጥያቄ ይጠራል። ልጆች ይዤ ነው የምሄደው። አላደርገውም፣ እናንተም አታድርጉት።

ለተማሪዎች ጫማስ? ይህን ወላጆች ሁሌ ይጠይቁኛል። መልሴ አጭር ነው፣ ቡት አትግዙ። ድሮ የዕቃ ዝርዝር ላይ "የተራራ ጫማ" ብዬ እጽፍ ነበር፣ ከዚያ አንዲት ጎበዝ ልጅ "እናቴ አመመኝ በይ አለችኝ" ብላ ከጉዞ ስትቀር ምክንያቱ የኔ ዝርዝር መሆኑን ዘግይቼ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሰርዤዋለሁ። ለኮሶዬ ጥርሱ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል። ለስሜንም ሦስት ቀን ስኒከር ይሆናል፣ ሁለት ደረቅ ካልሲ እስካለ ድረስ፣ አንዱ ለመኝታ ብቻ የሚቀመጥ። ከጥጥ የሱፍ ካልሲ ይሻላል፣ ሱፍ እርሶም ትንሽ ይሞቃል፣ አያቶች የሚሠሩት ካለ ሌላ አትፈልጉ። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ከመጣም ማንም እንዲስቅበት አልፈቅድም። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የሚደርሰው እሱ ነው።

ዋጋውን ለሚቆጥር፦ የሱቁ ጫማ 3,600 ብር ለሁለት ተኩል ቀን። ቡቱ ከእድሳቱ ጋር 1,950 ብር፣ ዓመት አልፎት። ሰፈፉን እናቴ ትሰጠኛለች።

አሁን ግራው ጋሼ ጋ ነው ያለው፣ አፍንጫው ጋ አንድ ስፌት በጥሷል፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው ብሎኛል። የፊታችን ሐሙስ ሃያ ሁለት ልጅ ይዤ ኮሶዬ እወጣለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሄጄ ጠየቅኩት።

"ነገ ነይ" አለኝ።